በግዳጅ ከመላክዎ በፊት፡ የቨርዥን ኮንትሮል ፕሮግራም አመራረጥ

በአንድ ሐሙስ ምሽት ከቢሮ ለመውጣት ስቻኮል አንዲት ቁልፍ ተጫንኩ፡፡ ቁልፏ በአማርኛ ብትተረጎም ‹‹በግዳጅ ላክ›› እንደ ማለት ነች፡፡ ኮምፒዩተሩ እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀኝ፣ አዎ አልኩት፣ መብራት አጥፍቼ ወጣሁ፡፡ በማግስቱ ጠዋት ስገባ ባልደረቦቼ አንድ ስክሪን ከበው ቆመዋል፡፡ የአንዲት ባልደረባችን የሁለት ሳምንት ሥራ ከሰርቨሩ ላይ ጠፍቷል፡፡ እሷ ደግሞ ረቡዕ ማታ ሥራዋን ልካ፣ ፈቃድ ወስዳ ለእህቷ ሠርግ ጎንደር ገብታለች፡፡ የጠፋው ሥራ የአንድ ደንበኛችን የደመወዝ ማስሊያ ፕሮግራም የግብር ክፍል ሲሆን፣ የምናስረክበው ሰኞ ነበር፡፡

ነገሩ እንዴት እንዳለቀ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ፡፡ ለዛሬው ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ግን ከዚያ በኋላ ሥራ አስኪያጃችን ያነሱት ጥያቄ ነው፡፡ ‹‹ለመሆኑ ይኼን የምትጫኑትን ፕሮግራም ማን መረጠልን?›› አሉ፡፡ መልሱ አሳፋሪ ነበር፡፡ ማንም አልመረጠውም፡፡ አንዱ ከኢንተርኔት አወረደው፣ ሌላው ከእሱ በፍላሽ ገለበጠ፣ እኔ ደግሞ መልኩ ስላማረኝ ጫንኩት፡፡ ለቢሮ ወንበር እንኳ ሦስት ፕሮፎርማ የምንሰበስብ ሰዎች፣ የወራት ድካማችንን ለሚይዘው መሣሪያ አንድም ጥያቄ አላነሳንም፡፡

ለመሆኑ ነገሩ ምንድነው?

ሙያው ላልሆነ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ፡፡ ቨርዥን ኮንትሮል የሚባለው ሶፍትዌር ሥራው የመዝገብ ቤት ሥራ ነው፡፡ ደህና መዝገብ ቤት ባለበት መሥሪያ ቤት አንድ ደብዳቤ ሲገባም ሆነ ሲወጣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ቀን ይጻፍበታል፣ ማን እንዳመጣው ይመዘገባል፣ ቅጂው በፋይሉ ይቀመጣል፡፡ ከሁለት ዓመት በኋላ ‹‹ይኼን ውሳኔ ማን፣ መቼ፣ ለምን ለወጠው?›› ተብሎ ቢጠየቅ መልስ ይገኛል፡፡ ቨርዥን ኮንትሮልም በአንድ ፕሮጀክት ፋይሎች ላይ የተደረገን እያንዳንዱን ለውጥ ከባለቤቱ ስም፣ ከሰዓቱና ከምክንያቱ ጋር ይመዘግባል፡፡ ይህ አንዱ ምዝገባ ‹‹ኮሚት›› ይባላል፡፡ የመዝገቦቹ ሁሉ ማከማቻ ደግሞ ‹‹ሪፖዚተሪ›› ይባላል፡፡

ይህ የሌለው ሰው ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን፡፡ ‹‹ውል የመጨረሻ››፣ ‹‹ውል የመጨረሻ 2››፣ ‹‹ውል እውነተኛው የመጨረሻ›› እያለ ፋይል ያባዛል፡፡ በስተመጨረሻ ለደንበኛ የሚላከው ከሦስቱ የተሳሳተው ይሆናል፡፡

ታሪኩ ረጅም ነው፡፡ ማርክ ሮችኪንድ በአሜሪካው ቤል ላብስ የመጀመሪያውን የታወቀ የዚህ ዓይነት ሶፍትዌር የሠራው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራው የተጀመረው ሰብቨርዥን ለረጅም ጊዜ በብዙ ቢሮዎች ነግሦ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2005 ግን የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ፣ ቡድኑ ይጠቀምበት የነበረው ቢትኪፐር የተባለ ሶፍትዌር የነፃ አገልግሎት ፈቃዱ በመነሳቱ፣ ጊት የተባለውን አዲስ ሶፍትዌር መጻፍ ጀመረ፡፡ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የወጣው የሊኑክስ እትም በጊት የተያዘ ነበር፡፡ ዛሬ ብዙው የሶፍትዌር ዓለም የሚሠራው በጊት ነው፡፡

በሰብቨርዥንና በጊት መካከል ያለው ዋና ልዩነት ለእኛ አገር ሰው በቀላሉ ይገባል፡፡ በሰብቨርዥን ሙሉው መዝገብ ያለው ሰርቨሩ ጋ ብቻ ነው፡፡ ኔትወርክ ከሌለ ምዝገባ የለም፡፡ በጊት ግን እያንዳንዱ ባልደረባ የመዝገቡን ሙሉ ቅጂ በላፕቶፑ ይዟል፡፡ ኢንተርኔት ባይኖርም ይመዘግባል፣ ሲመጣ ይልካል፡፡ በ2012 ዓ.ም. ከሰኔ ማብቂያ ጀምሮ ኢንተርኔት ለሳምንታት በተቋረጠ ጊዜ ሥራችን ያልቆመው በዚህ ምክንያት ነው፡፡ አንዱን ኮምፒዩተር በቢሮው ውስጥ ኔትወርክ ሰርቨር አድርገን፣ ቤቱ ለሚሠራው ደግሞ በፍላሽ እያመላለስን ዘልቀነዋል፡፡

ጥቁሩ ስክሪን ወይስ መስኮቱ?

ጊት በተፈጥሮው ትዕዛዝ እየተጻፈለት የሚሠራ ነው፡፡ ጥቁር ስክሪን ይከፈታል፣ ቃል ይጻፋል፣ መልስ ይመጣል፡፡ ይህ ለብዙዎች ስለሚያስፈራ ሥዕል፣ ቁልፍና ሜኑ ያላቸው ፕሮግራሞች ተሠሩ፡፡ በሙያው ቋንቋ ግራፊካል ክላየንት ይባላሉ፡፡ እኔ ባለመስኮት እላቸዋለሁ፡፡

‹‹እውነተኛ ባለሙያ በጥቁሩ ስክሪን ነው የሚሠራው›› የሚሉ ወጣቶች አሉ፡፡ እኔ በዚህ አልስማማም፡፡ አምስት ሰዎች በአንድ ጊዜ የሠሩበትን መዝገብ፣ የትኛው ለውጥ ከየትኛው እንደተቀጠለ፣ የቱ ጋ እንደተለያየና የቱ ጋ እንደተገናኘ በቀለም መስመር ሲሳል ማየትን የመሰለ ነገር የለም፡፡ አንድ ፋይል ውስጥ ትናንት ምን ነበረ፣ ዛሬ ምን ሆነ የሚለውንም ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ለዓይን ይቀልላል፡፡ ከአንድ ፋይል ውስጥ ሦስት መስመር ብቻ መርጦ መመዝገብም በአይጥ የሁለት ሰከንድ ሥራ ነው፡፡

ይሁን እንጂ ባለመስኮቱ ፕሮግራም አንድ መዘዝ አለው፡፡ አደገኛውንም ትዕዛዝ ከደህናው ጋር እኩል ቀላል ያደርገዋል፡፡ በጥቁሩ ስክሪን ጥፋት ለመሥራት ቃሉን አውቆ መጻፍ ያስፈልጋል፡፡ በመስኮቱ ግን አንድ ጠቅታ ይበቃል፡፡ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ አፍስሶ መልቀም ራሱ የሚቻለው የፈሰሰው ነገር መሬት ላይ ካለ ነው፡፡

ከመምረጥዎ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንደኛው ጥያቄ፣ ፕሮግራሙ የሚያደርገውን ያሳያል ወይ የሚለው ነው፡፡ ደህና ባለመስኮት ፕሮግራም ቁልፉን ሲጫኑ ከበስተኋላ ለጊት የትኛውን ትዕዛዝ እንደሰጠ ያሳያል፡፡ ሰብላይም መርጅ ይህን በግልጽ ያደርጋል፡፡ ጊት ኤክስቴንሽንስና ቶርቶይዝ ጊትም ሥራው ሲከናወን ትዕዛዙን በመስኮቱ ላይ ያወጡታል፡፡ ይህ ጥቅሙ ሁለት ነው፡፡ እየሠሩ ይማራሉ፣ አደጋ ሲደርስም ምን እንደተፈጸመ ያውቃሉ፡፡ የማያሳይ ፕሮግራም ግን ሐኪሙ የመድኃኒቱን ስም ሳይነግርዎ እንደሚሰጥዎ ኪኒን ነው፡፡

ሁለተኛው፣ አደገኛ ቁልፎችን እንዴት ይዟቸዋል? በተለይ ሁለት ቁልፎችን ይፈትሹ፡፡ የመጀመሪያው ያልተመዘገበን ለውጥ ‹‹አስወግድ›› የሚለው ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ የቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ተጠቃሚ ‹‹ለውጦችን ሁሉ አስወግድ›› የሚለውን ተጭኖ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ኮሚት ያላደረጋቸውን በሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎችና የሦስት ወር ሥራ አጣ፡፡ ጩኸቱ በዓለም ዙሪያ ተሰማ፡፡ ፕሮግራሙም ከዚያ ወዲህ ማስጠንቀቂያውን ይበልጥ ግልጽ አደረገ፡፡ ጊት መልሶ ሊሰጥዎ የሚችለው በመዝገቡ የገባውን ብቻ ነው፡፡ መዝገብ ቤት ያልደረሰ ደብዳቤ ቢጠፋ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አይጠየቅበትም፡፡

ሌላው ‹‹በግዳጅ ላክ›› የሚለው ነው፡፡ ይህ ቁልፍ ሰርቨሩ ላይ ያለውን መዝገብ በእርስዎ መዝገብ ይተካል፡፡ እርስዎ ጋ የሌለ የሌላ ሰው ሥራ ካለ ከዚያ ቅርንጫፍ ላይ ይወርዳል፡፡ ደህና ፕሮግራም ይህን ቁልፍ ፊት ለፊት አይሰቅለውም፡፡ ቢያስፈልግ እንኳ ከሁለቱ የግዳጅ ዓይነቶች ጥንቃቄ ያለበትን፣ ማለትም ሰርቨሩ ላይ ያለው እርስዎ ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መሆኑን አረጋግጦ የሚልከውን ይጠቀማል፡፡

ሦስተኛው የቃላት ጉዳይ ነው፡፡ ከሰብቨርዥን ወደ ጊት የተሻገረ ሰው ‹‹ሪቨርት›› በሚለው ቃል በቀላሉ ይሳሳታል፡፡ በሰብቨርዥን ሪቨርት ማለት ያልተመዘገበ ለውጥን መጣል ነው፡፡ በጊት ትዕዛዝ ግን ሪቨርት ማለት ቀድሞ የተመዘገበን ለውጥ የሚሽር አዲስ መዝገብ መጻፍ ነው፡፡ አንዱ ያጠፋል፣ ሌላው ይጨምራል፡፡ አንዳንድ ፕሮግራሞች ይህንኑ ቃል በሁለቱም ትርጉም ይጠቀሙበታል፡፡ በመሆኑም የመረጡት ፕሮግራም እያንዳንዱን ቃል በምን ትርጉም እንደሚጠቀም በማይረባ ፋይል ላይ ሞክረው ይወቁ፡፡

አራተኛው ግጭት አፈታት ነው፡፡ ሁለት ሰዎች አንዱን መስመር በተለያየ መንገድ ከለወጡ ጊት መወሰን አይችልም፣ ዳኛ ይፈልጋል፡፡ በዚህ ጊዜ የእርስዎን፣ የባልደረባዎንና የሁለታችሁን መነሻ ለይቶ የሚያሳይ ፕሮግራም ወርቅ ነው፡፡ ሁለቱን ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ግን ማን ምን እንደጨመረና ማን ምን እንደቀነሰ አይለይም፡፡ ልክ እንደ ሽምግልና ነው፣ መነሻውን ያልሰማ ሽማግሌ አያስታርቅም፡፡

አምስተኛው ኮምፒዩተርዎና ኪስዎ ነው፡፡ ጊትሃብ ዴስክቶፕንና ጊትክራከንን የመሳሰሉት በውስጣቸው የኢንተርኔት ማሰሻ የተሸከሙ ስለሆኑ ሜሞሪ ይበላሉ፡፡ 4 ጊጋባይት ብቻ ባለው የቆየ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈቱ ይታወቃል፡፡ ክፍያን በተመለከተም፣ ነፃ የተባለው ሁሉ ለሁሉም ሥራ ነፃ አይደለም፡፡ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ለሌለው ባለሙያ ደግሞ ትንሹም የዓመት ክፍያ ራስ ምታት ነው፡፡ ዛሬ በሙከራ ጊዜ ለምደውት ከወር በኋላ የሚቆለፍብዎትን ፕሮግራም ከመልመድ በፊት ማሰብ ይሻላል፡፡

አማርኛ ሲጻፍበት

ይህን ለብቻው ያነሳሁት በውጭ አገር የተጻፉ ንጽጽሮች ፈጽሞ ስለማያነሱት ነው፡፡ እኛ በአማርኛ ፋይል እንሰይማለን፣ የለውጡን ምክንያት በአማርኛ እንጽፋለን፣ ደንበኛው የሚያየውን ጽሑፍም በአማርኛ እናዘጋጃለን፡፡

በጥቁሩ ስክሪን ላይ ‹‹ደመወዝ›› የሚል ስም ያለው ፋይል ቢኖርዎ፣ ጊት ካልተነገረው በስተቀር ስሙን በቁጥር ክምር ይተካዋል፡፡ የእኛ ፊደል በዩኒኮድ የተለመደው አጻጻፍ አንዱ ሦስት ባይት ስለሚወስድ፣ አራቱ ፊደላት አሥራ ሁለት የቁጥር ክፍሎች ሆነው ይወጣሉ፡፡ መፍትሔው ‹‹ኮር ኮትፓዝ›› የሚባለውን ቅንብር መዝጋት ነው፡፡ እኔ የሞከርኳቸው ባለመስኮት ፕሮግራሞች ስሙን በፊደሉ ያሳያሉ፤ ይሁን እንጂ እርስዎ ለመግዛት ካሰቡት ጋር አስቀድመው ይሞክሩት፡፡

ሌላው የፊደል ነገር ነው፡፡ ለእኛ ‹‹ሥራ›› እና ‹‹ስራ›› አንድ ናቸው፡፡ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፡፡ በቢሯችን አንዱ ‹‹ሠራተኛ›› ብሎ የጻፈውን ሌላው ‹‹ሰራተኛ›› እያለ ሲያርም፣ ያኛው ተመልሶ ሲያርም፣ መዝገቡ በዚህ ተሞልቶ እውነተኛው ለውጥ ጠፍቶ ያውቃል፡፡ መስመሩን ሙሉ ቀይ አድርጎ ከመተው ይልቅ የተለወጠችውን አንዲት ፊደል ብቻ ለይቶ የሚያደምቅ ፕሮግራም እዚህ ላይ ዋጋው ይታያል፡፡ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ግን በየትኛውም የልዩነት ማሳያ ላይ የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል፡፡ ለዚህ መድኃኒቱ ጽሑፉን አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ብቻ ነው፡፡

ለጠበቆችና ለአማካሪዎች አንድ ነገር ልጨምር፡፡ የወርድ ሰነድ ለጊት የታሸገ ሳጥን ነው፣ መለወጡን እንጂ የቱ መስመር እንደተለወጠ አያውቅም፡፡ ቶርቶይዝ ኤስቪኤንና ቶርቶይዝ ጊት ግን ሁለቱን ቅጂዎች ወርድ ራሱ ከፍቶ እንዲያነጻጽራቸው ማድረግ ይችላሉ፡፡ ውል የሚያረቅ ቢሮ ይህችን ብቻ ብሎ ቢመርጣቸው አይፈረድበትም፡፡

ገበያው ላይ ያሉት

ከጊት ጋር አብረው የሚመጡ ሁለት ታናናሽ ፕሮግራሞች አሉ፣ ጊትኬ እና ጊት ጂዩአይ፡፡ መልካቸው የድሮ ነው፡፡ ሆኖም ቀላል ናቸው፣ ነፃ ናቸው፣ ደካማ ኮምፒዩተር ላይም ይሠራሉ፡፡ ሌላ ነገር ከማውረድዎ በፊት እነዚህን ይክፈቷቸው፡፡ ምናልባት ይበቁዎታል፡፡

ቶርቶይዝ ጊት ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ ሲሆን ነፃ ነው፡፡ የራሱ ዋና መስኮት የለውም፤ ከዊንዶውስ የፋይል ማሳያ ጋር ተዋህዶ፣ ፎልደሩን በቀኝ ጠቅታ ሲጫኑ ሜኑው ውስጥ ይገኛል፡፡ ከታላቅ ወንድሙ ከቶርቶይዝ ኤስቪኤን ለሚመጣ ሰው ቤቱ ነው፡፡ ሜኑው ረጅም መሆኑ ግን ጀማሪን ያደናግራል፡፡ ጊት ኤክስቴንሽንስም ለዊንዶውስ የሚሆን ነፃ ፕሮግራም ሲሆን፣ የራሱ መስኮትና ግልጽ የሆነ የቅርንጫፍ ሥዕል አለው፡፡

ጊትሃብ ዴስክቶፕ ነፃ ሲሆን ለዊንዶውስና ለማክ ተሠርቷል፣ ለሊኑክስ ይፋዊ ቅጂ የለውም፡፡ ሆን ተብሎ ጥቂት ነገር ብቻ እንዲሠራ የተዘጋጀ ነው፡፡ የመጨረሻውን ኮሚት መልሶ የሚያነሳ ቁልፍም አለው፡፡ ለጀማሪ፣ ለዲዛይነር፣ ለጸሐፊ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላየሁም፡፡ የተወሳሰበ የቅርንጫፍ ታሪክ ማየት ለሚፈልግ ግን ሥዕሉ የለውም፡፡

ሶርስትሪ የአትላሲያን ኩባንያ ሲሆን ነፃ ነው፣ ለዊንዶውስና ለማክ ብቻ፡፡ ብዙ ነገር ይሠራል፡፡ ትልቅ መዝገብ ላይ እኔ ቀርፋፋ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፡፡ ፎርክና ታወርም ለእነዚሁ ለሁለቱ ናቸው፡፡ ፎርክ አንዴ ተከፍሎበት የሚያበቃ ሲሆን፣ ታወር ግን በየጊዜው የሚታደስ ክፍያ አለው፡፡ ታወር የተሳሳተን እርምጃ እንደ ወርድ ባለ የመመለሻ ቁልፍ መመለስ መቻሉ የሚያስመሰግነው ነው፡፡

ሊኑክስ ለሚጠቀሙ ጊትክራከን፣ ስማርትጊትና ሰብላይም መርጅ በሦስቱም ዓይነት ኮምፒዩተር ይሠራሉ፡፡ ጊትክራከን ያማረና የመመለሻ ቁልፍ ያለው ነው፤ ይሁን እንጂ በነፃ የሚሠራው ለሕዝብ ክፍት በሆነ ሪፖዚተሪ ላይ ነው፡፡ የደንበኛ ሥራ በዝግ ሪፖዚተሪ የሚይዝ ቢሮ መክፈል አለበት፡፡ ሰብላይም መርጅ ፈጣን ነው፡፡ ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድን ለጽሕፈት የሚጠቀም ሰው ደግሞ በውስጡ ያለው የጊት ክፍል የዕለት ሥራውን ይሸፍንለታል፡፡

አንድ ማሳሰቢያ፡፡ ጊትሃብ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 13 ቀን 2021 ጀምሮ ለጊት ሥራ የተለመደውን የይለፍ ቃል መቀበል አቁሟል፡፡ በምትኩ ቶክን ወይም ቁልፍ ይጠይቃል፡፡ ከጓደኛ ፍላሽ የተገለበጠ አሮጌ ቅጂ ትክክለኛ የይለፍ ቃል ሰጥተውት ‹‹አይሆንም›› ቢልዎ፣ ችግሩ ቃሉ ላይሆን ይችላል፡፡ አዲሱን ከባለቤቱ ገጽ ያውርዱ፡፡

ወደዚያች ሐሙስ ልመለስ

እኔ በዚያ ምሽት ያደረግኩት ይህ ነበር፡፡ ማክሰኞ በላክሁት ኮሚት መግለጫ ላይ የፊደል ስህተት አየሁ፡፡ ‹‹የመጨረሻውን አርም›› የምትል ሳጥን ምልክት አድርጌ አስተካከልኩ፡፡ ልልክ ስል ሰርቨሩ አልቀበልም አለ፡፡ እኔ የፊደል እርማቴን ነው የማይቀበለው ብዬ አሰብኩ፡፡ ያላየሁት ግን በመካከሉ ረቡዕ ማታ የገባ የባልደረባዬ ሥራ መኖሩን ነበር፡፡ ፕሮግራሙ ወዲያው ‹‹በግዳጅ ልላከው?›› አለ፡፡ ለአንዲት ፊደል ብዬ የሁለት ሳምንት ሥራ አወረድኩ፡፡

ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ያህል በዚያው ፕሮግራም ሜኑ ውስጥ ስቆፍር ቆየሁ፡፡ የጠፋው የትም አይታይም፡፡ በመጨረሻ እየፈራሁ ጎንደር ደወልኩ፡፡ ከበስተኋላዋ ከበሮና እልልታ ይሰማል፡፡ ነገርኳት፡፡ ጥቂት ዝም አለች፡፡ ‹‹አይዞህ፣ ላፕቶፔ ላይ አለ፡፡ ግን አዲስ አበባ ቤት ነው የተውኩት፣ በሩም ተቆልፏል፡፡ ይልቅ ያንተ ፕሮግራም በየጊዜው ራሱ ከሰርቨር አያመጣም?›› አለችኝ፡፡ ‹‹ያመጣል›› አልኳት፡፡ ‹‹እንግዲያው አንተው ጋ አለ፡፡ ጥቁሩን ስክሪን ክፈትና ሪፍሎግ በል›› አለችና ወደ ሠርጓ ተመለሰች፡፡

ሪፍሎግ የሚባለው ጊት ለራሱ የሚይዘው የግል ማስታወሻ ነው፡፡ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ፣ የሰርቨሩ ቅርንጫፍ የእኛ ጋ ምስልም ጭምር፣ ቀድሞ የቱ ጋ እንደነበረ ይጽፋል፡፡ ከቅርንጫፍ የወረደ ኮሚትም ሌላ ካልታዘዘ በስተቀር እንደ ነባሪው ለ30 ቀን ያህል እዚያ ተጽፎ ይቆያል፡፡ የሰርቨሩን ዋና ቅርንጫፍ ሪፍሎግ ስጠይቅ፣ ከእኔ ግዳጅ በታች ሁለተኛው መስመር ላይ የእሷ የመጨረሻ ኮሚት ቁጥር ተቀምጧል፡፡ ፕሮግራሜ ሐሙስ ቀን ላይ ሳላዘው በስተጀርባ አምጥቶት ነበር፡፡ ከዚያ ቁጥር ላይ አዲስ ቅርንጫፍ አበጀሁ፡፡ ሥራው ሁሉ አለ፡፡ ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ሰርቨሩ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ሰኞም አስረከብን፡፡

ከዚህ ሁለት ነገር ተማርኩ፡፡ የመጀመሪያው፣ ያዳነኝ ያው ራሱን ችሎ የማምጣት ልማድ ጥንቃቄ ያለበትን ግዳጅ እንኳ ሊያታልል መቻሉን ነው፡፡ ያ ዓይነቱ ግዳጅ የሚያረጋግጠው ‹‹ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው ይኼ ነው ወይ?›› እያለ ነው፡፡ ፕሮግራሙ ግን እኔ ሳላይ በእኔ ስም አይቶልኛል፡፡ በዚህም ምክንያት ጊት ከ2.30 እትሙ ጀምሮ፣ ያመጣኸውን በእርግጥ ከራስህ ሥራ ጋር አዋህደኸዋል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ተጨማሪ ጥንቃቄ ጨምሯል፡፡ ሁለተኛው፣ ከዚህ ሁሉ የሚሻለው በሰርቨሩ በኩል ዋናው ቅርንጫፍ ላይ በግዳጅ መላክን ጨርሶ መከልከል መሆኑን ነው፡፡ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኼ ነው፡፡ እኛ ያን ክልከላ ያደረግነው ዓርቡን ከሰዓት ነበር፡፡

እንግዲህ ምን ይሻላል?

ለአንድ ቢሮ የምመክረው ይህን ነው፡፡ ሁለት ፕሮግራም ይምረጡ፣ አንዱ ቀላል፣ ሌላው ሙሉ፡፡ የማይረባ ሪፖዚተሪ አበጅተው ሁሉም ባልደረቦች ለአንድ ሳምንት ሆን ብለው ያበላሹት፡፡ ይጣሉ፣ ይጋጩ፣ በግዳጅ ይላኩ፣ ከዚያ መልሱ ይበሏቸው፡፡ ጥፋትን ለማረም አስቸጋሪ የሆነባችሁን ፕሮግራም መልኩ ቢያምርም ተዉት፡፡ ከተቻለ ሁሉም አንዱን ይጠቀም፡፡ ችግር ሲመጣ ከጎን ያለው ሰው የሚረዳዎት የእርስዎን ስክሪን ሲያውቀው ነው፡፡

ባለመስኮቱን ቢመርጡም አምስት ትዕዛዞችን በጥቁሩ ስክሪን ይልመዱ፤ ሁኔታውን የሚጠይቀውን፣ ታሪኩን የሚያሳየውን፣ ልዩነቱን የሚያወጣውን፣ ቅርንጫፍ የሚያበጀውንና ሪፍሎግን፡፡ መኪና የሚነዳ ሁሉ መካኒክ መሆን የለበትም፣ ጎማ መቀየር ግን ማወቅ አለበት፡፡ ከሁሉም በላይ ቶሎ ቶሎ ይመዝግቡ፡፡ የተመዘገበ ነገር በጊት ዘንድ በቀላሉ አይጠፋም፡፡ ያልተመዘገበውን ግን ጊት አይመልስልዎትም፡፡

እኔ ዛሬ ከሁለት ፕሮግራሞች ጋር እሠራለሁ፡፡ ታሪኩን ለማየት በጊት ኤክስቴንሽንስ፣ ለመላክ ደግሞ በጥቁሩ ስክሪን፡፡ መላኩን ወደዚያ ያዞርኩት ስለማይቸግረኝ አይደለም፡፡ ቃሉን በእጄ ስጽፈው ለአፍታ ስለሚያዘገየኝ ነው፡፡ ባልደረባዬ ከሠርጉ ስትመለስ ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች፡፡ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለእኔ ሰጠችኝና ‹‹ይኼን ደግሞ በግዳጅ እንዳትወስድ›› አለችኝ፡፡ ቢሮው እስከ ዛሬ ይስቅብኛል፡፡